ነጩ ፈረስ ሣር ሲበላ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዝናብ። አውቶቡሱ ዘገየ። ስደርስ ምስር ወጡ ቀዝቅዟል። ብፅዓት ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ ምን አጠፋች? ያረፈድኩት እኔ።

ብፅዓት የዊልስደን ሰፈርን የአረጋውያን ምሳ የምታስተባብር ልጅ ናት። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ። ዛሬ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ "የልጅነታችን ዓመት" የሚባል ዝግጅት አለ። ዘፈኑን፣ ፊልሙን፣ የፀጉሩን ቁርጥ፣ ሁሉም የሚያስታውሰውን ይዞ ይመጣል። የትኛው ዓመት ይሁን ተባለ። ቲቶ "ስድሳ ሁለት!" ብሎ ጮኸ። ስድሳ ሁለት ሆነ። እሱ ያለው መቼ ቀርቶ ያውቃል?

ቲቶን የማላውቅበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ተክለ ሃይማኖት አንድ ሰፈር፣ አንድ ክፍል። አሁን ለንደን፣ አንድ ጠረጴዛ። ከእሱ መገላገል አልተቻለም።

"ያንን የህንድ ፊልም እተርካለሁ" አለ።

ወይዘሮ አልታየሽ ገና ከአሁኑ መሐረብ አወጡ። "ያቺን ከእሳት የምትወጣዋን ሲናን? አሁንም ልታስለቅሰን ነው፣ አንተ ክፉ!"

ሳቁ። ተጨበጨበለት። ሳይጀምር!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ልጄ ሲና መጣች። መጋረጃ አውርዳ አጠበች፣ ፍሪጅ ውስጥ ያገኘችውን ሁሉ ጣለች። የሚበላ ነበር።

"አባ፣ አንተስ ከስድሳ ሁለት ምን ትወስዳለህ?"

ምንም፣ አልኳት። አለቀቀችኝም። የአምፖሉን ነገርኳት። የተቃጠለ አምፖል ቂጡን ሰብረን ውኃ እንሞላለን። ካርቶን እንበሳለን። ከሲኒማ ቤት ጓሮ የለቀምነውን የፊልም ቁራጭ እንሰካለን። አንዱ ልጅ ደጅ ቆሞ በመስታወት ፀሐይ ይልክልናል። ከዚያ ጨለማው ቤት ውስጥ፣ ጭቃው ግድግዳ ላይ፣ የሰው ፊት። ደመና ሲመጣ ፊልሙ አለቀ።

"ሶ ቢዩቲፉል፣ አባ።"

ቢዩቲፉል አልነበረም። አምፖሉ አውራ ጣቴን ቆርጦታል። ጠባሳው አለ፤ አሳየኋት።

እውነተኛው ፊልም ሲኒማ ራስ ነበር። አባቴ አይሞከርም አለ። ቲቶ ግን ይገባ ነበር። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ይተርካል። መስማት ዋጋ አለው፤ የእረፍት ሰዓት ዳቦ። ዓመቱን ሙሉ ዳቦዬን ሰጠሁት። ሆዴ እየጮኸ ሰማሁ። አክተሩ ከሚበር ባቡር ላይ ይዘላል። ነጩ ፈረስ ላይ ያርፋል። ሲናን ከእሳት ውስጥ ያወጣታል። ዐይነ ስውሯ እናቱ በድምፁ ታውቀዋለች። ሠርግ። ስንት ጊዜ ሰማሁት? ስንት ዳቦ?

ለሚስቴ ለውብነሽ ስንተጫጭ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ነፍሷን ይማር። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ልጅ ስትወለድ ሁለታችንም ባንድ አፍ "ሲና" አልን።

ሲና ስልኳን አወጣች። የፊልሙን ስም አልረሳሁትም። ሲኒማው ደጅ በተለጠፈው ፖስተር ላይ ከፈረሱ በላይ ተጽፎ ነበር። ወዲያው አገኘችው። ሙሉውን!

"ጋሽ ቲቶን ሰርፕራይዝ እናድርገው!" አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

አየሁት። ከታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ፓርክ ሮያል መጋዘን ስሠራ፣ ከካርቶን ላይ እያነበብኩ የለቀምኩት ነው። አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ባቡር የለም። እሳት የለም። የእናትየዋ ዐይን ከእኔ ይሻላል።

ነጩ ፈረስ አንድ ጊዜ ይታያል። ሣር ሲበላ።

ሲና የምትባል ሴት የለችም።

አክተሩ መጨረሻ ላይ እየሳለ ይሞታል። ብቻውን፣ ኪራይ ቤት ውስጥ…

ቆርጠውት ይሆን? ከመጀመሪያው ደግሜ አየሁት። አልቆረጡትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ቲቶን ጠየቅሁት። ረጋ ብዬ። "ሲኒማ ራስ ስትገባ የት ነበር የምትቀመጠው?"

"ፊት ነዋ! አንገቴ እስኪቆለመም!"

ዳቦውን ቆርሶ ወጡ ውስጥ ነከረ። ሲያኝክ አየሁት። ያኔም እንዲሁ ነበር የሚያኝከው፤ ዐይኑን ጨፍኖ።

ማታ ለሲና ደወልኩላት። ነገርኳት።

"አባ፣ ሊቭ ኢት፣ ተወው። ሽማግሌ ነው።"

"እኔስ?"

"ሰዎቹ ይወዱታል።"

"የሚወዱት ውሸቱን ነው።"

"ፕሊስ፣ አባ።"

ፕሊስ ምን ማለት ነው? ዳቦ የሰጠው እኔ። አላቆምም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

እንግሊዞቹ እንደ ልማዳቸው ለክረምቱ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱት። ግድግዳዬ ላይ ያለውን አልነካውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሆነ። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ወይዘሮ አልታየሽ ፀጉራቸውን እንደ ጥንቱ ቆልለው መጡ። ሲና ከኋላ ወንበር። አታድርገው ብላ በዐይኗ ትለምነኛለች። ቲቶ ተነሳ። ባቡሩ መጣ። በከንፈሩ ያስጮኸዋል፣ በመዳፉ ጠረጴዛ እየመታ ያስሮጠዋል። ነጩ ፈረስ። እሳት። ሲና! ወይዘሮ አልታየሽ አለቀሱ። ብፅዓት እንኳ፣ ለንደን የተወለደችው፣ አለቀሰች።

ጭብጨባው ሲያልቅ "ብፅዓት፣ የላክሁልሽን ክፈቺው" አልኳት። ስጦታ መሰላት። ምስኪን። ነጩ ግድግዳ ላይ ፈረሱ ወጣ። ሣር በላ። ጅራቱን አወዛወዘ። ሄደ።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አክተሩ የሚሞትበትን አሳየኋቸው። ሳቁ ቆመ።

"ባቡሩ የታል ቲቶ?" አልኩት።

ቆሞ ቀረ። ፊቱ ላይ የፊልሙ መብራት ያርፍበታል።

"አልገባሁም ነበር" አለ። "አንድም ቀን። ጓሮ፣ ግድግዳው ሥር ቆሜ እሰማለሁ። ሰው ሲያጨበጭብ፣ አክተሩ አሸነፈ። ሴቶች ሲያለቅሱ፣ እናቱ አንድ ነገር ሆነች። ቋንቋውን አላውቅ። ሌላውን ራሴ ሞላሁት።"

"ሲናስ? ከየት አመጣሃት?"

"ልጅህ ተቀምጣለች መርዕድ። ተው።"

"ተናገር!"

ወደ ሲና አየ። "የቤታችን ድመት ነበረች።"

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ማን እንደሆነ አላየሁም። ሲና ኮቷን ይዛ ወጣች። ሳትለብሰው፣ በዚያ ብርድ።

ቲቶ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ግን ሁሉም ሰማ።

"እርቦኝ ነበር፣ መርዕድ። ዳቦህን አንድ ዓመት በላሁ። አንተ ደግሞ ፊልሜን ዕድሜህን ሙሉ በላኸው። ሚስት አገባህበት። ለልጅህ ስም አወጣህበት። ማን የበለጠ በላ?"

ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።

ዐርብ፣ ጥቅምት 21

ሲና ስልኳን አላነሳችም። ትክክል ነበርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ቲቶ ዛሬም የለም። ማንኪያ ብቻ ነው የሚሰማው። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ከፊቴ ያለውም።

ወይዘሮ አልታየሽ ድንገት፣ "እንግዲህ እርስዎ ይተርኩልን፣ አቶ መርዕድ። እውነተኛውን" አሉ።

ተረኩላቸው። አንድ ነገር ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። አክተሩ ሳል ሲጀምረው ሦስት ሰዎች ኮታቸውን ለበሱ። ወይዘሮ አልታየሽ እስከ መጨረሻው ቆዩ። ከዚያ፣

"ሞተ?"

"ሞተ።"

"ይኼን ለማየት ነው ሰው ቤቱን ጥሎ የሚሄደው?" ብለው ሳህናቸውን አነሱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሲና መጣች። መድኃኒቴን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አልተቀመጠችም።

"የት ነበርሽ?"

"ጋሽ ቲቶ ጋ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር፣ ቤቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ ነኝ። ይተርክልኛል።"

"ምኑን? ድመቷን?"

"የስ፣ አባ። ድመቷን።" በሩን ከፈተች። "ቢያንስ እሱ ድመቷን ይወዳት ነበር።"

መጋረጃው እንደገና ቆሽሿል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ቲቶ ተመለሰ። ከስቷል። ሲና ክንዱን ይዛ አስገባችው። አዳራሹ በሙሉ ተነሳለት። እኔ አልተነሳሁም። ጉልበቴ አይደለም። አልተነሳሁም።

"አዲስ ፊልም አለኝ" አለ። "ይኼ ሐቀኛ ነው። አክተሩ እዚሁ ተቀምጧል።"

ጀመረ። አንድ የተራበ ልጅ ሲኒማ ቤት ግድግዳ ሥር ቆሟል። እንዳልገባ የሚያውቅ የለም። ከአንድ ልጅ በቀር። ያ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን አውቋል። ግን እንካ ብላ ቢለው ጓደኛው ያፍራል። ስለዚህ "ፊልም ተርክልኝና ዳቦዬን ውሰድ" አለው። ዓመቱን ሙሉ። የራሱ ሆድ እየጮኸ። ውሸት መሆኑን እያወቀ፣ አፉን ከፍቶ ሰማ።

ቲቶ ቆመ። ወደ እኔ ዞረ።

"ካጠፋሁ መርዕድ ያርመኛል። ስህተት አያልፍም፣ ታውቁት የለ?"

ሁሉም ዞሩ። ሲናም። ልጅ ሆና ታሪኩን ስነግራት የምታየኝ አስተያየት… ረስቼው ነበር።

አፌን ከፈትኩ።

ወይዘሮ አልታየሽ ቀደሙኝ። "ለካ እንዲህ ያሉ ሰው ኖረዋል! እኛ ደግሞ ክፉ እያልን!" እንባቸው አገጫቸው ደርሷል። ሲና መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። "ለምን አልነገርከኝም፣ አባ?"

አፌን ዘጋሁ።

ስንወጣ ቲቶ የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ቆለፍኩለት። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "ጣፈጠህ?" አለኝ። ሳቀ። ጥርሱ የለም።

እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አይጻፍም። አላወቅሁም ነበር። የፈለግሁት ፈረሱን ነው። ዳቦውን እየረገምኩ ነበር የምሰጠው። አንድ ቀን እንኳ ተፍቼበት ሰጥቼዋለሁ።

ሲና ቅዳሜ ትመጣለች። የዳቦውን ታሪክ ካንተ አፍ ልስማው ብላለች። ልትቀዳው ነው።

ከየት ልጀምር?