በጎተራዬ ውስጥ ኖራ ስለማታውቅ አረንጓዴ መኪና

ለክቡር አቶ ሩፐርት ዴንት
የፌርብራዘርና ዴንት የጨረታ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ባለፈው መጋቢት ግቢዬ ድረስ የላኩት ያ ነጭ ጫማ ያደረገ ትሑት ወጣት እንዴት ሰንብታችኋል? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ ያልተጓደለ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ከዚህ በታች የምጠይቅዎ ነገር ብዙ ማስታወስ ይፈልጋልና። እኔ ኖርማን ፕሪዲ እባላለሁ፤ በኦልደርኮት መንደር ከወንዙ ማዶ በግና ዶሮ ሳረባ ሰማንያ ያለፈኝ ሰው ነኝ። መጻፍና ማንበብ አልተማርኩም፤ በዚህም አፍሬ አላውቅም፤ የማያነብ ሰው የሚታለለው በአፍ ብቻ ነው፣ የሚያነበው ግን በአፍም በወረቀትም ይታለላል። ቃሉ የእኔ፣ እጁ የሌላ ሰው ነው፤ የማን እንደሆነ ቦታው ሲደርስ እነግርዎታለሁ። ቅሬታ በቁጥር ካልተጻፈ ትልልቅ ሰዎች አያነቡትም ብላኛለችና ጸሐፊዬ እንዳለችው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለ ትሕትናችሁ አመሰግናለሁ። ወጣትዎ ቶቢ ጎተራዬን ለፎቶግራፍ ብቻ ለአንድ ቀን እንዳውሰው ሊለምነኝ ሲመጣ ኮፍያውን አውልቆ ነበር። ወደ ውስጥ ገብቶ ምሰሶውንና ጣራውን ሲያይ፣ "አቶ ፕሪዲ፣ ይኼ እኮ ቤተ መንግሥት ነው! አደራዎን ምንም ነገር እንዳይጠርጉ፣ የሸረሪት ድሩንም እንዳይነኩብኝ" አለኝ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጥረግ ስትለኝ ኖራ ሞተች እንጂ አትጥረግ ያለኝ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። በነጋታው አረንጓዴ፣ ጣራ የሌላት፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ኤም.ጂ. የምትባል የድሮ መኪና በተጎታች ተጭና፣ ብርድ ልብስ ለብሳ መጣች። ሲገልጧት ፊቴን አየሁባት፤ እንደ መስታወት ተወልውላለች። ከዚያ ቶቢና ጓደኛው የምንጣፍ አቧራ የሚስበውን ማሽን ከረጢት ቀደው፣ አቧራውን በወንፊት እየነፉ ጋጋሪ ዱቄት እንደሚነሰንስ በኮፈኑ ላይ ነሰነሱት፤ መሪው ላይ ድርቆሽ አንጠለጠሉ፤ ወንበሩ ላይ ስንዴ በትነው ዶሮዎቼን ጠሩ። "ልጄ፣ ምን እየሆናችሁ ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አቶ ፕሪዲ፣ የዛሬ ገዢ የታጠበ መኪና አያምረውም። ካልታጠበ ያልተነካ ነው ይላል፤ ያልተነካ ካገኘ ደግሞ እጁ ሳያስበው ወደ ላይ ይወጣል" አለኝ። የአገሬ ሀብታሞች ለቆሻሻ ብዙ እንደሚከፍሉ ከዚህ በፊትም ሰምቼ ነበር፤ ቢያንስ ቆሻሻው እውነተኛ ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ። ስለ ብስኩቱ። ሥራችሁን ጨርሳችሁ፣ መኪናዋን ከነአቧራዋ ምሽቱን ጭናችሁ ከሄዳችሁ በኋላ፣ በእርስዎ ስም በቀይ ሪባን የታሰረ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ብስኩት ደረሰኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ሳይበድል ብስኩት የሚልክ ሰው አላውቅምና ቆርቆሮውን ሳልከፍት መስኮቱ ላይ አስቀምጬ በደሉ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ብዙም አላስጠበቃችሁኝም።

ሦስተኛ። የመጠጥ ቤታችን ባለቤት ሌን ለጨረታ የቀረቡትን መኪኖች የሚዘረዝረውን ካታሎጋችሁን ከከተማ አምጥቶ ባንኮው ላይ ዘረጋና ለሁላችን ጮክ ብሎ አነበበልን። ያቺው መኪና "ዝናብ ከጠፋበት ከዚያ ከታወቀው በጋ ጀምሮ፣ በኦልደርኮት በአቶ ኖርማን ፕሪዲ ጎተራ ውስጥ፣ በዓለም ተረስታ፣ የሰው እጅ ሳይነካት" ኖራለች ትላላችሁ። ሌን አንብቦ ሲጨርስ አንዱ ከወደ ምድጃው፣ "አንተ ሽማግሌ፣ ሌላስ ምን ደብቀሃል? የጠፋው መሰላሌም እዚያው ሳይሆን አይቀርም!" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ማቪስ ቲልስሊ ግን አልሳቀችም። ብርጭቆዋን ሳትጨርስ ኮቷን ለበሰችና ወጣች።

እርስዎ ማቪስን አያውቋትም፤ የበደሏት ግን ከእኔ ይልቅ እርሷን ስለሆነ ማወቅ አለብዎት። ማቪስ የኬነዝ ሚስት ናት፤ ኬነዝ ከልጅነት እስከ መቃብር ጓደኛዬ የነበረ ሰው ነው። በወጣትነቱ አረንጓዴ ክፍት ኤም.ጂ. ነበረችው፤ እንደ ሰው ያነጋግራት ነበር። ማቪስ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስታረግዝ፣ ሕፃን የሚይዝ ወንበር የሌላት መኪና ምን ታደርግልናለች ተባባሉና ሊሸጧት ተስማሙ። ገዢው ቅዳሜ ሊመጣ ዓርብ ሌሊት መኪናዋ ከደጃቸው ጠፋች። ዝናብ የጠፋበት ዓመት ነበር፤ ፖሊሶቹ የደረቀውን ወንዝ ሳይቀር በእግራቸው ፈተሹት፤ የለችም። ኬነዝ አለቀሰ። ማቪስ ሲያለቅስ አይታ አመነችው፤ ቢሆንም መኪናዋ በሽያጩ ዋዜማ መጥፋቷ የልቧ አንድ ጥግ ላይ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። እሾሁን ይዛ ልጆች አሳደገችለት፣ ሲታመም አስታመመችው፣ ሲሞት ቀበረችው፤ በየእሑዱም ከጓሮዋ አበባ ቆርጣ መቃብሩ ላይ ታኖርለት ነበር። የእርስዎ ካታሎግ ያንን እሾህ መዶሻ ይዞ ወደ ውስጥ መታው።

በነጋታው አጥሬ ላይ ቆማ፣ "ያን ሁሉ ዓመት እሑድ ከሰዓት አጥር ልንጠግን ነው እያላችሁ የምትሄዱት ወደ እርሷ ነበር አይደል? ስንት አጥር ነው ያለህ አንተ ሰውዬ?" አለችኝ።

እኔም፣ "ማቪስ፣ መኪናዋ ከጠፋች በኋላ ያ ዐውሎ ነፋስ የጎተራዬን ጣራ ሲገነጥለው ከኬነዝ ጋር እስከ መጨረሻዋ ገለባ ባዶ አድርገነው የለም ወይ? ሻይ ይዘሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ፤ መኪና አየሽ?" አልኳት።

"ያን ሰሞን ሌላ ቦታ ወስዳችኋት ይሆናላ!" አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ይኸው ነው ክቡር ሆይ። ሰው አንዴ ከጠረጠረ መኪናን ከጎተራ ወደ ጎተራ ለማዛወር ነዳጅ አያስፈልገውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማቪስ ወደ መቃብሩ አልሄደችም፤ የመጨረሻው አበባ እዚያው እንደ ደረቀ ቆሟል። የምትልክልኝ የፕለም ፍሬ ማርማላታም ወደ ቤቴ መምጣት አቁሟል፤ ይኼ ግን የእኔ ጉዳት ስለሆነ አልቆጥረውም።

አራተኛ፣ ወይም አምስተኛ፣ ጸሐፊዬ ታውቃለች። የኬነዝን ታሪክ ከየት አገኛችሁት ብዬ ሳሰላስል ሰነበትኩ፤ ከእኔው ነው። ቶቢ ሥራውን ሲጨርስ በርዶት ስላየሁ ወጥ ቤቴ አስገብቼ የፖም ጠጅ ቀዳሁለት። "በዚህ መንደር የጠፋ ወይም የተረሳ የድሮ መኪና ወሬ የለም እንዴ አቶ ፕሪዲ?" አለኝ። እኔም የሟች ጓደኛዬን ነገር ከነዝናቡ መጥፋት፣ ከነወንዙ መድረቅ አጫወትኩት። አንገቱን ደፍቶ ሲሰማኝ ያዘነ መስሎኝ ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳሁለት፤ ለካ እየሸመደደ ኖሯል! ከተማ ስትደርሱ የሰውየውን ኀዘን ከነዓመተ ምሕረቱ ገፍፋችሁ፣ የማን እንደሆነች ለማላውቃት መኪና አለበሳችኋት። የብርጭቆ ኪራይ ሳያስከፍለኝ ጠጄን ስለጠጣልኝ አመሰግነዋለሁ።

ቀጥሎ ስለ ቡናማዋ ዶሮዬ። በፎቶግራፉ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯም "የረጅም ዘመን መረሳት ሕያው ምስክር" ብላችሁ ጽፋችኋል። ዶሮዪቱ የተፈለፈለችው ዓምና በጸደይ ነው፤ እንቁላሉንም የሰጠችኝ ማቪስ ናት። ለመኪናዋ ያልኖረችበትን ቤት፣ ለዶሮዬ ያልኖረችውን ዕድሜ፣ ለእኔም ያልሠራሁትን ሌብነት ሰጥታችኋል፤ እንዲህ ያለ ቸርነት ከጨረታ ቤት አይጠበቅም።

በስልክም ደውዬ ነበር። ጨዋ ድምፅ ያላት ሴት ቅሬታዬ በታላቅ አክብሮት እንደተመዘገበ ነግራኝ፣ መኪናዋ ጎተራዬ ከመምጣቷ በፊት የት ነበረች ብዬ ስጠይቃት ሙዚቃ ከፈተችልኝ። ሙዚቃው ደስ ይላል። እኔ ግን ከዚያ ጀምሮ ሌላ ጥርጣሬ ይዞኛል፤ የራስዋን ታሪክ አውልቀው የሌላ ያለበሷት መኪና፣ የራስዋ ታሪክ ምን ቢሆን ነው ለሰው የማይነገረው? አረንጓዴ ናት፤ ኤም.ጂ. ናት፤ በአቧራው ሥር ሳያት ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አንዴ ደንግጦ ነበር። የመኪና ዓይነት ብዙ ይመሳሰላል ብዬ ተውኩት። አሁን ግን አልተውኩትም።

አሁን ጸሐፊዬ ማን እንደሆነች ልንገርዎ። ማቪስ ናት። ባለፈው ማክሰኞ በሯን አንኳኩቼ፣ "እኔ መጻፍ አልችልም፣ አንቺ ትችያለሽ፤ የምለውን ጻፊልኝና ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ዕድሜ ልክሽን አታናግሪኝ" አልኳት። በሩን ገርበብ እንዳደረገች፣ "አንድ ቃል ከዋሸህ እስክሪብቶውን ጥዬ እሄዳለሁ" አለችኝ። ተስማማን። ይህንን የምትጽፈው የእኔ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ የኬነዝን ለቅሶ ስናገር ቀና አላለችም፣ የጎተራውን ጣራ ስናገር ቀና አላለችም፤ ስለ ዶሮዋ ስናገር ግን በአፍንጫዋ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። "ይኼን አልጽፍም" ብላኛለች፤ "ጻፊው፣ ውል ውል ነው" ብያታለሁ። እስካሁን አልሄደችም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጨረታው በፊት ሕዝቡ መኪኖቹን በሚጎበኝበት ቀን፣ ማቪስ በዚያች አረንጓዴ መኪና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር ለጥቂት ጊዜ ትቀመጥ። የኬነዝ መኪና፣ ዓመታት ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ብቻ የሚያውቀው አንድ ምልክት ነበራት። ምን እንደሆነ ማቪስ ለእኔም አልነገረችኝም፤ ብትነግረኝ እዚህ አስጽፈው ነበር፣ እርስዎም ምልክቱን እንዲያጠፋ ዛሬውኑ ቶቢን ከነመፍቻው ይልኩት ነበር። ምልክቱ ከሌለ መኪናዋ የኬነዝ አይደለችም፤ እንግዲያውስ የጨረታ መዶሻዎን ከማንሳትዎ በፊት በሕዝብ ፊት ቆመው፣ ይህች መኪና ኦልደርኮት ጠዋት ገብታ ማታ ወጥታለች ይበሉ። ምልክቱ ካለ ደግሞ የምትሸጡት ከሰው ደጅ የተሰረቀ ንብረት ነው፤ ከየት እንደጫናችኋት የምትናገሩትም ለእኔ ሳይሆን ለፖሊስ ይሆናል። አንድም ውሸታሞች ናችሁ፣ አንድም የሌባ ዕቃ ሻጮች። ከሁለቱ የተሻለውን ይምረጡ፤ የማቀርብልዎ ያለ መነሻ ዋጋ ነው። ለእኔ ሁለቱም ይበቁኛል፤ ጓደኛዬ ሚስቱን እንዳልዋሸ ሁለቱም ያሳያሉና።

ለመዶሻዎ ብርታትን፣ ለካታሎግዎ አንባቢን፣ ለምንጣፎችዎ የማያልቅ አቧራን እየተመኘሁ፣ ሳላመለክት የመንደሩ መኪና ደባቂ አድርጋችሁ ስለሾማችሁኝ ውለታችሁን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳ፣

ታዛዥዎና ጠርጣሪዎ፣
ኖርማን ፕሪዲ፣ በግ አርቢ
(በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክቱን በገዛ እጄ አድርጌያለሁ)

ግልባጭ፦ ለመጠጥ ቤቱ በር፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ እንዲሁም በጉብኝቱ ቀን በር ላይ ለሚያልፍ ገዢ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ። ብስኩታችሁን ዛሬ ከፈትነው፤ ደብዳቤ መጻፍ ያስርባል። ማቪስ ባዶ ቆርቆሮውን አጥባ ይዛው ልትሄድ ነው፤ መቃብሩ ላይ ያለው የአበባ ማስቀመጫ በውርጩ ተሰንጥቆባታል፤ ነገም እሑድ ነው። ከጨረታ ቤታችሁ ወደ መንደራችን ከመጣው ነገር ሁሉ ሳይዋሽ የተገኘው ይኸው ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ክዳኑ ላይ ብስኩት ተብሎ ተጽፏል ትለኛለች፣ ስንከፍተውም ውስጡ ብስኩት ነበር።