የየኔታን ዜማ በትልቅነቱ ለዘለለው ማኅደር

ለክቡር አቶ ዳኛቸው
የነቅዐ ቅርስ የድምፅና የምስል ማኅደር ሥራ አስኪያጅ
መካነ ኢየሱስ

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱን እንደምን ከረሙ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ አዲሱ ምንጣፍ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ የሚሰማ ጆሮም ከጤናው ጋር ደርቦ ይጨምርልዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለብቻዎ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች በክብር መቀመጣቸውን ጸሐፊዎ በትሕትና ስለነገሩኝ፣ ይህኛውን ከመቀመጥ ላድነው ብዬ በአደባባይ ጽፌዋለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ለማያውቁኝ አንባብያን፣ አማረች አበባው እባላለሁ፤ ወገዳ ገበያው ዳር ያለችው የፎቶና የቪዲዮ ቤት የእኔ ናት። ሠርግ፣ ክርስትናና ተዝካር እቀርጻለሁ። በእኛ አገር ከሠርግ ቪዲዮ ላይ የሙሽራው አጎት ጭፈራ ከተቆረጠ ዝምድናም አብሮ ስለሚቆረጥ፣ ረዥም ቪዲዮና ትልቅ ፋይል ለእኔ የዘወትር እንጀራዬ ነው። ባለፈው ጥር ማኅደርዎ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነችው ወደ ቤተ ልሔም ደብር ሄጄ የድጓ መምህሩን የየኔታ ፈንታውን ዜማ እንድቀርጽለት ሲጠራኝ፣ በዚያ ጉድጓዳም መንገድ እየተንገጫገጭኩ በደስታ ሄድኩ። የኔታ ሰማንያን የተሻገሩ ናቸው። የአንድ በዓል ዜማ ከመክፈቻው ከዋዜማው እስከ መዝጊያው እስከ ሰላሙ ድረስ ተቀምጠው አዜሙ፤ እኔም ቀርጬ የካሜራዬን ካርድ አስረከብኩ። እናንተም ወደ ኮምፒውተራችሁ ገልብጣችሁ፣ ደንባችሁ ነውና ካርዱን አጥፍታችሁ ባዶውን መለሳችሁልኝ። ሐምሌ ላይ ኮምፒውተሩ ተበላሸ። መጠባበቂያ ቅጂ ስላለን አትጨነቂ ተባልኩ፤ እኔም እንደታዘዝኩት አልተጨነቅሁም።

ቅጂው ሲከፈት ዜማው የለም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ ስለተረፈው ነገር ሁሉ አመሰግናለሁ። የእርስዎ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር በሦስት ቅጂ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል ተገኝቷል። በጥቁር መነጽር ሆነው የደብሩን ቅጥር ሲጎበኙ የተነሷቸው ፎቶዎች፣ የሻይ ዕረፍቱ፣ የዳቦው አቆራረስ፣ የሸኚዎች እጅ ማውለብለብ፣ ሁሉም በሰላም ተመልሰዋል። በእኛ አውድማ ላይ ነፋስ የሚወስደው ገለባውን ነው፣ ፍሬው ከባድ ስለሆነ ባለበት ይወድቃል። የእናንተ ሶፍትዌር ግን ፍሬውን ከባድ ነው ብሎ ትቶ ገለባውን በጥንቃቄ ጎተራ ያስገባ የመጀመሪያው ነው፤ ለፈጠራው አድናቆቴን ይቀበሉ።

፪. የኮምፒውተር ባለሙያችሁ ተስፋሁን ምክንያቱን ሳይደብቅ ስላስረዳኝ እሱንም አመሰግናለሁ። ለካ የመጠባበቂያው ሶፍትዌር ሲጫን ከሃያ ጊጋባይት በላይ የሆነ ማንኛውም ፋይል እንዲዘለል ተደርጎ ነበርና እስከ ዛሬ ያንን የነካው የለም። መብራት በየመሀሉ እየጠፋ ትልልቁ ፋይል ተገልብጦ ስለማያልቅ፣ መዝለሉ ለሁሉም እረፍት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሶፍትዌሩ ዕለት ዕለት «ሥራው ያለ እንከን ተጠናቋል» የሚል ሪፖርት ያወጣ ነበር፤ እርስዎም ይፈርሙበት ነበር። የተዘለለ ፋይል እንደ ስሕተት አይቆጠርም አሉኝ። ፈተናው ላይ ያልተገኘ ተማሪ አልወደቅሁም ብሎ ለእናቱ ቢምልላት እንዲሁ ነው፤ እናቱ ግን ትገርፈዋለች።

፫. ፋይሉ ለምን ከሃያ ጊጋባይት እንዳለፈ ላስታውስዎ፤ በሥራ ብዛት ሳይዘነጉት አይቀሩም። የኔታ ዜማ ከተቋረጠባቸው ካቆሙበት አይቀጥሉም፣ ከዋዜማው እንደገና ይጀምራሉ፤ ከመሀል የተጠገነ ዜማ ለእሳቸው ዜማ አይደለም። ልብ ካሉ፣ እየተገባደደ ሳለ ስልክዎ ጮኸ። የኔታ ጠበቁዎት፣ ከዚያም ከዋዜማው ጀመሩ። እንደገና ሲገባደድ ያው ስልክ ጮኸና ስለ መኪናዎ ጎማ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ከደላላ ጋር ተወያዩ። የኔታ አሁንም ከዋዜማው ጀመሩ። እኔም እሳቸውን በማክበር ካሜራዬን ሳላጠፋ ቆየሁ። ዜማው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከገደቡ በታች ሆኖ ይተርፍ ነበር። የጠፋው ፋይል ውስጥ የእርስዎም ድርሻ ቀላል ስላልሆነ፣ ሐዘኑን አብረን መቀመጣችን ተገቢ መስሎ ይታየኛል።

፬. ስለላኩልኝ ምክርም አመሰግናለሁ። «ለወደፊቱ መምህሩ ዜማውን አጠር አድርገው ቢያቀርቡት ወይም በየአሥር ደቂቃው ቢያቆሙ ለሲስተሙ ይመቻል» ብለው ነበር። ታዛዥ ሰው ነኝና ምክርዎን ይዤ ቤተ ልሔም ወጣሁ። የኔታን ልጃቸው ካሰች ፀሐይ ላይ አውጥታ ግድግዳውን አስደግፋ አስቀምጣቸዋለች። ሳነብላቸው አዳመጡና እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ «ልጄ፣ ለመሆኑ እኒህ ጌታ ሲሞቱ ፍትሐታቸውንም በየአሥር ደቂቃው እያቆምን እናድርግላቸው ይላሉ?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ቀልዱን ከጨረሱ በኋላ ግን፣ ከመስቀል በኋላ አየሩ ሲጠራ አንድ ጊዜ ደግመው እንደሚያዜሙልን ነገሩኝ። ደረታቸውን በእጃቸው ነካ አድርገው፣ ይህ ደረት ሁለተኛውን ይችላል፣ ሦስተኛውን ግን አልማልልሽም አሉ። ካሰች ፊቷን አዞረች። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ለወግ ያህል ነው፤ ጉዳዬ ይኸኛው ነው። ድጓው ከነምልክቱ በብራና ተጽፎ አለ፣ የኔታ ያስመረቋቸው መምህራንም በየደብሩ አሉ፤ ስለዚህ ዜማው አይጠፋም። የየኔታ ድምፅ ግን ያለው በዚያ በሚያስለው ደረት ውስጥ ብቻ ነው። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጣል።

፭. የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ተስፋሁን እንደሚለው የገደቡ ቁጥር በሶፍትዌሩ ገጽ ላይ ባለች አንዲት ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ነው፤ ይሰረዛል። ሶፍትዌሩ መብራት ሲጠፋበት ፋይሉን ከመጀመሪያው ሳይሆን ካቆመበት እንዲቀጥል የሚያደርገውም ምርጫ ከሳጥኗ ሥር ተቀምጦ የሚነካው ሰው እየጠበቀ ነው። የኔታ እንደገና የሚጀምሩት ለዜማው ክብር ነው፤ ማሽናችሁ ግን ለማን ክብር ብሎ እንደገና እንደሚጀምር አልገባኝም። የተዘለለ ፋይል ሲኖርም ሪፖርቱ ስሙን ጠቅሶ ይናገር። ቅጂው ተከፍቶ ከዋዜማው እስከ ሰላሙ ሳይደመጥ ደግሞ ካርዴ አይጥፋ፤ የሚያደምጥ ሰው ከጠፋ እኔ ከወገዳ ስንቄን ይዤ እመጣለሁ።

ተስፋሁን ይህን ሁሉ ሻይ ሳይቀዘቅዝ እንደሚጨርሰው ነግሮኛል። እርስዎ ግን ጉዳዩ በኮሚቴ መታየት አለበት ብለዋል፤ ኮሚቴው እንዳይሰበሰብ ሰብሳቢው የሉም፤ ሰብሳቢው ደግሞ እርስዎ ነዎት። እርስዎን ካገኙዎት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

የኔታ ደግመው በሚያዜሙበት ዕለት ከተመቸዎት ቤተ ልሔም ቢገኙልን ደስ ይለናል። ወንበርዎ ከፊት ይሆናል፤ ለስልክዎም ካሰች ከጭድ ክምሩ ውስጥ የክብር ቦታ አዘጋጅታለታለች።

ትንሹን ሁሉ በታማኝነት ጠብቀው ላቆዩት ለክቡርነትዎ ያለኝን ከጊጋባይት ገደብ በላይ የሆነ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ የሚሞላ ኮሚቴና የማይጮህ ስልክ እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

ትሑት አገልጋይዎ
አማረች አበባው
ከወገዳ፣ የሠርግ፣ የክርስትናና የተዘለለ ዜማ ቀራጭ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በፍላሽ ለተስፋሁን ሰጥቼዋለሁ፤ ማኅደራችሁ ውስጥም አስገብቶታል። መጠኑ ከእርስዎ አንድ ፎቶ ያነሰ ስለሆነ ሶፍትዌራችሁ አይዘለውም፤ ዕለት ዕለት እየገለበጠ ለልጅ ልጆቻችን ያቆየዋል። ሳጥኗ ሳትነካ የኔታ ካለፉ፣ እነዚያ ልጆች ድምፃቸውን ፍለጋ ሲመጡ ዜማውን ባያገኙ እንኳ በማን ምክንያት እንዳጡት ያለ እንከን ያገኙታል።