የበረኛው ማሊያ

ልጄ ሰርክአዲስ፣ ቅዱስ ላሊበላ በሰው አገር ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ላሟም ወልዳለች።

ከቤታችን በላይ የሰፈሩት ወታደሮች፣ እነዚያ ማሊያ የማጥብላቸው፣ ዘንድሮ በኳስ የሚችላቸው ጠፍቶ ነበር። ባለፈው እሁድ ከኩልመስክ ከመጣ ጦር ጋር ሲጫወቱ ግን የመድፍ ጥይት ከጋራው ማዶ ተተኩሶ ሜዳው መሐል ወደቀ። አምስቱ ተበጣጠሱ። በረኛው ወልደ ሩፋኤል አንጀቱ ተዘርግፎ ኳሷን እንዳቀፈ ሞተ።

እናቱ ሩቅ ናት አሉኝና እኔው ለቅሶ ተቀመጥኩለት። የሟች ልብስ ሳይታይ ምን ለቅሶ አለ ብዬ ማሊያውን እስከነደሙ ደጃችን ላይ ዘረጋሁት። ሙሾው ሳያልቅ መቶ አለቃቸው መጥቶ፣ "እማማ፣ እሱን ይጠቡልን፤ ለእሁድ ይፈለጋል" አለኝ።

"ደግሞ ማን ሊሞትበት ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ ልጅሽ ደግሰው ከኋላዬ "እኔ ልልበሰው" አይልልሽም።

"ለውትድርና ከተመዘገብክ ይሰጥሃል" አለው መቶ አለቃው እየሳቀ።

ደግሰውን በለቀስተኛው ፊት በጥፊ አጮልኩት። ከንፈሩ ደማ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ማሊያውን ሳላጥበው መደቤ ላይ አንጥፌ ተኝቼበታለሁ።

ልጄ፣ እኔን ንቆኛል፤ እናቱን ይፈራ እንደሁ ከእሁድ በፊት ደውይለት። እናንተ ቅበሩኝ እንጂ እኔ አንዳችሁንም አልቅበር፤ አሜን በይ።