ከስድስት ዓመቴ በፊት የሚያውቀኝ ምስክር እንዳቀርብ ስለመጠየቄ

ለተከበሩ የአእምሮ ጤና ክሊኒኩ የምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝ ከልቤ እመኛለሁ፤ ምናልባት ሕመም ቢጤ ከተሰማዎም፣ እኔ የያዝኩትን ዓይነት ወረፋ ሳይዙ የሚያይዎ ሐኪም እንዲገጥምዎ እጸልያለሁ። እኔ በመስኮት ቁጥር ሁለት ሠራተኛዎ ዘንድ «ያቺ የፎርሟ ሴትዮ» በመባል የምታወቀው፣ የአርባ ሦስት ዓመት ባለትዳር፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍኩት፣ በግል የላክኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መሳቢያዎ ውስጥ ተደላድለው መተኛታቸውን ስለሰማሁና በአራተኛው ላጨናንቃቸው ስላልፈለግሁ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ባለሙያ ወደ ፋብሪካችን መጥተው ስለ ኦቲዝም ትምህርት ሰጡን። ጫጫታ ሲበዛ ጆሯቸውን ስለሚይዙ፣ ሰው ሲያዋራቸው ፊቱን ትተው አዝራሩን ስለሚያዩ፣ የተያዘ ዕቅድ ሲቀየር ምድር የተገለበጠች ያህል ስለሚሆኑ ልጆች ሲዘረዝሩ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጉዳዬን ማን ነገራቸው እያልኩ ባለቤቴን ጠረጠርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ኩሩ፣ ደረቅ፣ ሰው የማትወድ፣ ውሃ ቀጠነ ባይ ስባል ኖሬአለሁ። በታናሽ እህቴ ሠርግ ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ወጥቼ መኪና ውስጥ በመቀመጤ፣ እህቴ እስከ ዛሬ ቀንታብኝ ነው ብላ ታምናለች። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክፉ ሰው ነኝ ወይስ እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት? ባለሙያዋም መልሱ እርስዎ ዘንድ ይገኛል ብለው ላኩኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የጠረጠረ ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ አልነበረም።

በመሆኑም ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ፎርሙን በሚመለከት። ፎርምዎ «ልጁ መጫወቻዎቹን ይደረድራል?» ብሎ ይጀምራል። ልጁ እኔ ነኝ። «ልጁ ከሰዎች ጋር መሆን ይወዳል?» ለሚለው ደግሞ፣ የትኞቹ ሰዎች፣ ስንት ሆነው፣ ለስንት ሰዓት፣ እየበሉ ወይስ እያወሩ የሚለው ስላልተገለጸ፣ ከሦስቱ ሳጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ውሸት ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ሙያዬ እንዳስተማረኝ፣ ጉድለት ባለበት ጥያቄ ሁሉ ላይ ቀይ ምልክት አድርጌ፣ ጉድለቱን ከጎኑ ጽፌ፣ አሥራ አንድ ገጽ አባሪ አያይዤ፣ ፍተሻ እንዳላለፈ ሸሚዝ ወደ መጣበት ክፍል መለስኩት። የመስኮቷ ሠራተኛዎ፣ እትዬ ይሄ እኮ የሚሞላ እንጂ የሚታረም አይደለም ብላ ሌላ ሰጠችኝ። ፎርሙን በዚህ መልክ የመለሰ ስንት ሰው እንዳለ ብጠይቃት፣ ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገረችኝ። በእኔ ግምት ምርመራው እዚያው መስኮት ላይ ማለቅ ነበረበት፤ እርስዎ ግን ጥንቁቅ ሰው ነዎትና ወደ ሐኪምዎ መሩኝ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

፪. ሐኪምዎን በሚመለከት። ይህ ትሑት ወጣት በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ኦቲስቲክ እንደማልመስለው ገለጸልኝ፤ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ፣ በሰዓቱ መጥቻለሁ፣ ሥራና ትዳርም አለኝ። ለእውነት ያህል፣ ያየሁት ዓይኑን ሳይሆን የግራ ቅንድቡን ነው፤ ዘዴውን የፈጠርኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሲሆን እስካሁን የነቃብኝ የለም። በሰዓቱ የደረስኩት ከዋዜማው መጥቼ መንገዱን፣ ደረጃውንና ከቴሌቪዥኑ የሚርቀውን ወንበር አጥንቼ ስለሄድኩ ነው፤ የበር ጥበቃዎ ሌባ መስዬው ስለተከታተለኝ ምስክሬ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ማንንም ሳላናግር የአንገትጌ ስፌት ማየት ነው፤ ቤት ውስጥ ነገር ታበዛለች የሚያስብለኝ ጠባይ እዚያ ዓይን አላት ተብሎ ደመወዝ ይከፈልበታል። ትዳሬን በተመለከተ፣ ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ በወር ስምንት ቀን እንገናኛለን፣ እጅግም እንዋደዳለን። ይህን ሁሉ ባስረዳው ሐኪምዎ፣ ሁላችንም እኮ ትንሽ ትንሽ እንዲያ ነን አለኝ። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ከሆንን የእኔ ድርሻ ለምን ይህን ያህል እንደበዛ እንዲያጣራልኝ ብጠይቀው፣ ለሙሉ ምርመራ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ቀጠረኝ።

፫. የመጠበቂያ ክፍላችሁ መብራት ይርገበገባል፣ ቴሌቪዥኑም ይጮኻል። የታገሠውን ጤነኛ፣ የሸሸውን ኦቲስቲክ ብላችሁ የምትለዩበት ዘዴ ከሆነ፣ ብልሃቱን ሳላደንቅ አላልፍም።

፬. ምስክሩን በሚመለከት። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፣ ምክንያቱም የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። የቀጠሮ ወረቀቱ «ከስድስት ዓመታቸው በፊት በቅርብ የሚያውቃቸው ምስክር ይዘው ይምጡ» ይላል። አባቴ ሞቷል፣ አብራን የኖረችው አክስቴም እንዲሁ። የቀረችኝ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየረሳች ነው። ሳትጨርስ ድረሱልኝ ብዬ በሦስቱ ማመልከቻዎች ለመንኩ፤ ወረፋ ለሁሉም እኩል ነው የሚል መልስ በመስኮቷ በኩል ደረሰኝ። ፍትሐዊነትዎ ያስቀናል። የእናቴ መርሳት ግን የእናንተን ወረፋ አልጠበቀም። በአራተኛው ወር የስልክ አያያዝ ጠፋት። በስምንተኛው ወር የእህቴን ሠርግ ረሳች፤ እህቴ አዘነች፣ እኔ እውነቱን ልናገርና ትንሽ ተገላገልኩ። በአሥራ አንደኛው ወር ባለቤቴን አይታ የቧንቧ ሠራተኛው መጣህ ወይ አለችው፤ እሱም እንዳያሳፍራት ብሎ ቧንቧውን ጠግኖላት ወጣ።

ቀኑ ደረሰና እናቴን ይዤ መጣሁ። መርማሪዋ በአክብሮት፣ ልጅዎ በሕፃንነቷ ከሌሎች ልጆች ትለይ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ፊቷን ሳየው የት እንዳለች ገባኝ፤ የሙዓለ ሕፃናቱ ርእሰ መምህር ቢሮ ውስጥ ነበረች፣ እኔም የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ልባረር ነበር። ልጄ ምንም የለባትም አለች። ጠረጴዛ ሥር የምትገባው ለማስቸገር አይደለም፣ ደወሉ ነው፣ ደወሉን አርቁላት። ከልጆቹ ጋር የማትጫወተው ንቃቸው አይደለም፣ ቆማ እያየቻቸው ነው፣ ማታ ቤት ስትገባ የሁሉንም ጨዋታ ሕግ አንድ ሳታስቀር ትነግረኛለች። ልብሷ አንገት ላይ ያለችውን፣ የምትኮሰኩሳትን ቁራጭ ጨርቅ እኔው በምላጭ ነቅዬ አነሳላታለሁ፣ እናንተ አትቸገሩም። ልጄ ጤነኛ ናት፣ ሌላ ወሬ አልሰማም አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

መርማሪዋ «እናት፣ ልጃቸው በልጅነቷ ምንም ችግር እንዳልነበረባት አረጋግጠዋል» ብላ ጻፈች። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በታማኝነት መዝግባለች፤ ለመሀሉ የሚሆን ሳጥን ፎርሙ ላይ አልነበረም። ከበሩ ስንወጣ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ አየሽ አላስነካሁሽም አለችኝ። አዎ እማ፣ አላስነካሽኝም አልኳት። ደረጃው ላይ አለቀስኩ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲታዘበኝ፣ አንድ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም አውቆ ዝም ብሎ ሲሸፍነኝ እንደኖረ አላውቅም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝገቤ በልጅነት ዘመን ማስረጃ እጦት መዘጋቱን፣ ሌላ ምስክር ካቀረብኩ ግን በድጋሚ ወረፋ መያዝ እንደምችል የሚገልጽ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ሌላ ምስክር ከመቃብር ማስነሳት ስላለብኝ፣ ለእነሱም የሚሆን የቀጠሮ ወረቀት ካለዎት እንዲልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። እናቴ የተናገረችውን መርማሪዋ ታስታውሰዋለች፣ እኔም ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ መሀሉ መዝገቡ ውስጥ ይግባና አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው። አይደለሽም ከተባልኩም አይደለሁም፤ ብቻ መልሱን እናቴ አጠገቤ እያለች ልስማው።

ላደረጉልኝም ሆነ ላላደረጉልኝ ሁሉ ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ መሳቢያዎ እንዲጠልቅ፣ ዕድሜዎም ከቀጠሮዎችዎ እንዲረዝም ከመመኘት ጋር፣

መዝገቧ የተዘጋ ታዛዥ አመልካችዎ

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ስሜን አታውቀውም። ትናንት ግን በሩን ከፍቼ ስገባ፣ አብራት ተቀምጣ ሬዲዮ የምትሰማውን ጎረቤታችንን፣ ቀንሺው እስቲ፣ ያቺ ጩኸት የሚያማት ልጄ መጣች ስትላት ሰማኋት። እርስዎ በአሥራ አራት ወር ያልደረሱበትን፣ እሷ ስሜን እንኳ ሳታውቅ ደርሳበታለች፤ ፎርምም አላስሞላችኝም።