ትሎቼን ጾም ያስፈታሁ ዕለት

መጋቢት 25፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ 2 ሰ.

ውሃ ረጭቻለሁ። ጆንያውን መልሼ አልብሻቸዋለሁ። የሚበሉት ግን የለም። ማስታወሻዬ፣ ምን ዓይነት ጅል ነኝ? እበት በልተው ኮምፖስት የሚያደርጉልኝን እነዚህን ትሎች ሳመጣቸው ጥቅምት ነበር፤ ያኔ ቄራ እበቱ ተርፎ ውሰዱልን ይሉን ነበር። ሁዳዴ ሲገባ እርዱ እንደሚቀንስ እንዴት ይጠፋኛል? ዕድሜ ልኬን የጾምኩ ሴትዮ! ማለቴ፣ እኔ ስጾም እነሱም አብረውኝ እንደሚጾሙ አላሰብኩም። በቃ፣ አላሰብኩም።

የቀበሌው ኮሚቴ ሥራዬን ሊያይ በዳግም ትንሣኤ ማግስት ይመጣል። በሕይወት ያለ ትልና የደረሰ ኮምፖስት ካላየ፣ ከቀበሌ ቤቶቹ ጀርባ ያለችውን ይህችን ግቢ ለመኪና ማቆሚያ ይሰጣታል። መ/ቤቱ ከቀነሰኝ ወዲህ ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ያለኝ እዚህ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ከስተዋል። ግን ስሚኝ ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል! ነጭ ክር ይመስሉ የነበሩት ትንንሾቹ አድገው ቀልተዋል፤ ወደ ራሳቸው በኩል መቀነት አውጥተዋል። መቀነት ያወጣ ትል ለመውለድ ደርሷል ማለት ነው። እያንዳንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው። ሁለቱ ራስና ጭራቸውን አቀያይረው ጎን ለጎን ተጣብቀው አየሁ። ኋላ ከመቀነቱ ላይ የሚወልቀው ስስ ልባስ እንቁላል መያዣ ይሆናል። ሎሚ መሳይ፣ ከምስር ያነሰ።

እትዬ በላይነሽን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎረቤቴም የሥራ አጋሬም ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ያማትቡ ነበር። ዛሬ ወይ የፈጣሪ ሥራ ብለው ከጓዳቸው የጠወለገ ጎመን አመጡላቸው።

ሚያዝያ 20፣ የፋሲካ ማግስት። ከቀኑ 10 ሰ.

ቄራ ሞልቷል! በጋሪ አስመጣሁ። እበቱ ገና ትኩስ ነው፣ ይጨሳል። እ. በላይነሽ ተቆጡ። ሰው እንኳ ከሁዳዴ ሲወጣ መጀመሪያ አንጀቱን በተልባ ያለሰልሳል፤ ይሄ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ፣ ይሰንብት አሉኝ። አውቃለሁ። ትሎቹን የሰጠኝ ባለሙያም ነግሮኛል። ግን ኮሚቴው ደረሰ እኮ! ደግሞ ልጆቼ ተርበዋል። አልሰማኋቸውም። የትሎቹን ሳጥን በትኩሱ እበት እስከ አፉ ሞላሁት። ብሉ እንግዲህ።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

አለቁ።

እጄን ስሰድ ፈጀኝ። እበቱ ውስጥ ለውስጥ ግሏል። ለማምለጥ የሞከሩት የሳጥኑ ግድግዳ ላይ ወጥተው ደርቀዋል። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ኧረ እኔ ልቃጠል! በገዛ እጄ ፈጀኋቸው። እ. በላይነሽ አጠገቤ ቁጭ ብለው የደረቁትን ከግድግዳው ላይ ለቀሙ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

እንቅልፍ የለም። ከኡራኤል በታች ካለው ችግኝ ሻጭ ጥቁር አፈር ገዝቼ ኮምፖስት እንዲመስል ከላይ ብነሰንስበትስ? ማን ያውቅብኛል? እ. በላይነሽን አማከርኳቸው። አፈሩስ ይሁን፣ የሚላወሰውን ከየት ልታመጪ ነው አሉኝ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

ሚያዝያ 26፣ እሁድ፣ ዳግም ትንሣኤ

ሳጥኑን ልገለብጠው ገባሁ። ከታች ሙቀቱ ያልደረሰበት አሮጌ ንብርብር አለ። ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የዝናብ አፈር የሚሸት። ከጥቅምት ጀምሮ የበሉት ያ ሁሉ እበት ይህን ሆኗል። በውስጡ እንቁላሎች! ቢጫ፣ ቡናማ፣ ሙሉ። እየጮኽኩ እ. በላይነሽን ጠራኋቸው።

ለመፈልፈል ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ። ኮሚቴው ነገ ነው። እንቁላል እስኪፈለፈል የሚጠብቅ ኮሚቴ የት አለ?

እ. በላይነሽ ቤታቸው ደርሰው ተመለሱ። አንድ ጆንያ ይጎትታሉ። ያን ዕለት ከጋሪው ላይ ሳላያቸው ያስቀሩት እበት ነው፤ በጓሯቸው ዘርግተው ሲያቀዘቅዙት ሰንብተዋል። ሲፈለፈሉ ይደርስላቸዋል አሉ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጥቁር አፈር አልገዛም። ለኮሚቴው የሆነውን እነግረዋለሁ፤ ግቢዋን ከወሰዳትም ይውሰዳት። እንቁላሎቹን ከነአፈራቸው በልብስ ማጠቢያው ሳፋ አድርጌ ዛሬውኑ አልጋዬ ሥር አስገባቸዋለሁ።