ከአፍንጫው በታች

ማክሰኞ

ደሜ ፈልቷል፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ባሌ ደጀን ዛሬም ክላክስ ሰምቶ አበደ።

ጠዋት ጋሻው የሚባል ገበሬ ከገለጉ ወደ ፎቶ ቤታችን መጣ። ከእማማ ውዴ ልጅ ከአወቀ ጋር ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ የተነሱትን ፎቶ ይዟል። አወቀ ለምንጣሮ ሥራ ሄዶ በወባ ሞቷል፤ ከዚህ ሌላ ፎቶ የለውም። እሑድ ተዝካሩ ነው፤ እናቱ በትልቁ ታትሞ እንዲደርስላቸው ለምነውናል። ጋሻውም ያለችው ይቺው ናት፣ ይዟት ሊመለስ ነው።

ፎቶዋ ትንሽ ናት። እንድትጎላ ስካነሩ ቀስ ብሎ ማንበብ አለበት። መጀመሪያ መብራቱ ሽው ብሎ ያልፍና ምስሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፤ ያ ማሳያ ብቻ ነው። ዋናው ንባብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አስጀምሬው ጄኔሬተሩ ላይ ነዳጅ ልጨምር ወደ ጓሮ ወጣሁ። የገለጉ መኪና ክላክስ ነፋ። ስመለስ የስካነሩ ክዳን ተከፍቷል። ፎቶዋ የለች፣ ጋሻው የለ፣ መኪናው የለ። ደጀን ፎቶዋን አውጥቶ ሰጥቶ ሸኝቶታል።

"ሙሉውን ኮምፒውተሩ ላይ አየሁት እኮ" ይለኛል። ያየው ማሳያውን ነው። የተነበበው ከአወቀ ፀጉር እስከ አፍንጫው ብቻ ነው። ከዚያ በታች ባዶ።

ደጀን ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ክላክስ ሲሰማ እግሩ ከጭንቅላቱ ይቀድማል። በሠርጋችን ቀን እንኳ ከሚዜዎቹ መሃል ብድግ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ስቄያለሁ።

ረቡዕ

ማሳያውን አጉልቼ ለማተም ሞከርኩ። ፊቱ ካሬ ካሬ ሆነ። ደጀን "አፉን ከሌላ ሰው ፎቶ ቆርጠሽ ቀጥይበት" አለኝ። የሌላ ሰው አፍ! የሚያዩት እኮ እናቱ ናቸው።

እማማ ውዴ ብቅ አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ደጀን "ደርሷል እማማ፣ ነገ ይወስዱታል" አላቸው።

"እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ። ጥርሱ ትታያለች?"

አወቀ ፎቶውን እየሳቀ ነበር የተነሳው። ወደ ጓሮ ወጣሁና ብቻዬን ተሳደብኩ። ያልደረሰን ነገር ደርሷል ማለት ምን የሚሉት በሽታ ነው? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ቤት የሚያፈስ እሱ፣ የምለቅም እኔ።

ሐሙስ

የጋሻው ስልክ አይሠራም። ዘንቦ አድሯል፤ የዋልካው ጭቃ መኪና ስለሚይዝ ወደ ገለጉ የሚሄድ ሾፌር ጠፋ። ደጀን ጫማውን በፌስታል ቋጥሮ ወጣ። ትራክተር እስከሚያደርሰው በትራክተር፣ ከዚያ በእግሩ። ስንቅ ያዝ አላልኩትም። ይቆጨኛል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ለእማማ ውዴ እውነቱን ነገርኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "በዚህ መንገድ ባልሽን ለምን ላክሽው?" ብቻ አሉኝ።

ዓርብ

ወሬ የለም። አንዱ ደንበኛ የመታወቂያ ፎቶ ተነስቶ "መኪና ሊያመልጠኝ ነው፣ ቶሎ በይ" ቢለኝ "ይሂድ መኪናህ!" ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ምን አጠፋ? ወንዙ ሞልቷል የሚሉ አሉ። ደጀን ሲመጣ አንቀዋለሁ። ብቻ ይምጣ።

ቅዳሜ

ከቀትር በኋላ መጡ፣ ደጀንም ጋሻውም፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ፎቶዋ በፌስታል ተጠቅልላ ደጀን ብብት ሥር ነበረች። አላነቅሁትም። ውሃ ሰጠሁት።

ስካነሩ ሲጀምር መዳፉን ክዳኑ ላይ ጭኖ ቆመ። ውጭ ክላክስ ተነፋ። ትከሻው ሲሸማቀቅ አየሁ፤ እጁን ግን አላነሳም።

"አልቋል?"

"አላለቀም።"

"አሁንስ?"

"አላለቀም አልኩህ።"

መብራቱ ቆመ፤ ምስሉ እስኪቀመጥም ጠበቅን። ጥርሱ ትታያለች።

ጋሻውን ከምስሉ ቆርጬ አወጣሁት፤ ለተዝካር እንደምንሠራው ከአወቀ ኋላ ሰማያዊ መደብ አድርጌ አተምኩ። ኮራሁ። እማማ ውዴ መጥተው ጥርሱን በጣታቸው ሊነኩ ሲሉ ደጀን "ቀለሙ አልደረቀም እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ" አላቸው። ደጀን ነው እንዲህ ያለው።

እጃቸውን ሰብስበው ብዙ አዩት። ከዚያ በሩ ሥር የቆመውን ጋሻውን አዩ።

"ልጄ የሞተው በሰው አገር ብቻውን ነው" አሉ። "እዚህም ብቻውን ታቆሙታላችሁ?"

ሁለቱን እንደነበሩ አድርጌ እንደገና ወደ ማተሚያው ላክሁ። ይህን የምጽፈው እየጠበቅን ነው። እማማ ውዴ በእኔና በደጀን መሃል ተቀምጠዋል፤ ጋሻው ከኋላችን ቆሟል። ጄኔሬተሩ ድምፁ አላማረኝም። የሁለቱ ግንባር ወጥቷል፣ ዓይናቸው ወጥቷል። አሁን አፍንጫቸው ላይ ደርሷል። ማንም እጁን አልዘረጋም።