ብድሩን የከፈለችው ካርድና ልጄ አርጊሪስ

እኔ የሟቹ የዓሣ አጥማጁ የፎቲስ ሚስት ስማራግዳ ቬርቬሪ፣ በግሪክ አገር በካቫላ ከተማ የፓናጊያ ሰፈር ነዋሪ፣ በእኛ አገር ኖቬምበር 21 ከሚውለው የበዓታ በዓል በኋላ ባለው ሰኞ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.፣ በገዛ ቤቴ በመስኮቱ ሥር በተነጠፈልኝ አልጋ ላይ ሆኜ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ አልደከመም። ውል አዋዋይዋ ወይዘሮ አንቱላ ዴሊያኒ ፊቴን አይታ «ትንሽ ቁጣው ይብረድልዎና ነገ እንመለስ?» ብላ ጠይቃኛለች። ይህ ቁጣ የዛሬ ትኩሳት አይደለም፤ አስቤበት ያቆየሁት ነው፤ ነገም ብትመጡ እዚሁ ታገኙታላችሁ ብዬ መልሻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልመከረኝም።

አስቀድሜ ስለ ዕዳዬ እናገራለሁ። ዕዳውን ያላጸዳ ሰው ንብረት አለኝ ብሎ ሊያከፋፍል አይገባውምና።

ባለቤቴ ፎቲስ ሳንባውን በታመመ ጊዜ፣ ተሰሎንቄ ለሚገኘው ሆስፒታል የሚከፈለውን ገንዘብ በስሜ ከባንክ ተበደርኩ። ወለዱ ከባድ ነበር፤ አልተከራከርኩም። ባሏ ትንፋሽ ሲያጥረው እያየች ስለ ወለድ የምትከራከር ሴት ካለች እኔ አላውቃትም። ፎቲስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ በጋ ኖረልኝ። ያን በጋ ሙሉ በጀልባው ወጣ፤ ከዚያ አረፈ። በዚህ ብድር አልጸጸትም።

ብድሩ ግን ከፎቲስ ጋር አልተቀበረም። ከጡረታዬ እየቆረስኩ ብከፍልም፣ የምከፍለው ሁሉ የወለዱ ቀለብ እየሆነ ዋናው ዕዳ አልነቃነቅ አለ። በዚህ ጊዜ ወደብ ዳር የመድን ዋስትና የሚሸጠው ወንድ ልጄ አርጊሪስ ከረባቱን አስሮ መጣ።

«እማዬ፣ ይሄ ብድር ደምሽን እየመጠጠሽ ነው» አለኝ። «ወለዷ ትንሽ የሆነች ክሬዲት ካርድ አለች። በእሷ ብድሩን ድፍን አድርገን እንዘጋዋለን። ከዚያ ለካርዷ ቀስ እያልሽ ትከፍያለሽ።»

«ዕዳን በዕዳ መክፈል ምን የሚሉት ጥበብ ነው?»

«ከውድ ሱቅ ወጥተሽ ርካሽ ሱቅ እንደመግባት ቁጠሪው። አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍያው ከቀኑ ማለፍ የለበትም። ካለፈ ወለዱ ይወጣል።»

እውነቱን ተናግሯል። አልዋሸኝም፤ የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ያላወቀ ሰው ቢያጠፋ ይማራል። አርጊሪስ ግን ሁሉን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ፈረምኩ። ካርዷ ብድሩን ከፈለች፤ የወር ክፍያዬም ቀለለ። ለፎቲስ መታሰቢያ በእፎይታ ንፍሮ ያስቀቀልኩት ያን ሰሞን ነበር።

ትንሽ ቆይቶ እንደገና መጣ። «ብትታመሚ ማን ያወጣልሻል? በእኔም ስም አንዲት ተጨማሪ ካርድ ትውጣ። ደግሞ በዚህ ጉልበትሽ እስከ ባንኩ አትውረጂ፤ የወሩን ገንዘብ ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ አደርሰዋለሁ።» በየወሩ ጡረታዬን እንደተቀበልኩ ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት። እሱም በየወሩ ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።

አንድ ጠዋት ከባንኩ አንዲት ልጅ ደወለች። ድምፅዋ ትሕትና ነበረው። «ወይዘሮ ቬርቬሪ፣ ሙሉው የወር ክፍያ ከቆመ ወራት አልፈዋል። የቅናሹ ወለድ ተነሥቷል። በሁለተኛዋ ካርድም ብዙ ወጪ አለ» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁና ጥቁር ሻሌን ጣል አድርጌ፣ ግድግዳ ይዤ፣ ደረጃውን ወደ ወደቡ ወረድኩ። አርጊሪስን ደንበኞቹ ፊት አገኘሁት።

«ገንዘቤ የት ነው?»

«እማዬ፣ በሰው ፊት አትጩኺ።»

«ሰውማ ይስማ እንጂ! የት ነው?»

«ልመልሰው ነበር እኮ። ለጊዜው ጠበበኝ። የልጄ ክርስትና መጣ፤ በሆቴል ካላደረግነው የሚስቴ ዘመዶች ምን ይሉናል?»

«ታዲያ ድግሱን የደገስኩት እኔ ነኛ! ለምን ከኩሽናው በር አጠገብ አስቀመጣችሁኝ?»

በዚያ ክርስትና ቀን አስተናጋጆቹ ሳህን ይዘው ትከሻዬን እየገፉ ሲያልፉ፣ እኔ በገዛ ገንዘቤ ድግስ ላይ ይቅርታ ስጠይቅ አመሸሁ። ይህ ቃል በቃል ይጻፍ።

እዚህ ላይ ከምስክሮቹ አንዱ፣ ዳቦ ጋጋሪው ፓንዴሊስ፣ «ስማራግዳ፣ ለዘብ በይ እንጂ፣ ልጅሽ አይደል?» ብሎኛል። «አንተ ዳቦህን ጠብቅ፤ ልጄ መሆኑን ሆዴ ያውቃል» ብዬዋለሁ። ውል አዋዋይዋ ይህን ልተወው ብትል ከልክያለሁ።

የባሰውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ጨው በሚነሰነስበት ፋብሪካ የምትሠራው ሴት ልጄ ዛምቤታ፣ የባንኩን ማስጠንቀቂያ ከእኔ ቀድማ አይታ ኖሯል። ተጨማሪ ፈረቃ እየሠራች የቻለችውን ያህል ስትከፍል ከርማለች። ጣቶቿ በጨው ተሰነጣጥቀው ሳይ የክረምቱ ብርድ ነው ትለኝ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? እሱን ስትወጂው ደስ ይልሽ ነበር» አለችኝ።

ያን ሌሊት አላለቀስኩም። ጥርሴን ነክሼ አደርኩ። በማግሥቱ ውል አዋዋይዋን አስጠርቼ፣ ብሞት ይህ ዕዳ የት ይሄዳል ስል ጠየቅኳት። ወራሾች ውርሱን ከተቀበሉ ዕዳውንም ይቀበላሉ አለችኝ። ስለዚህ የፎቲስ አባት ድንጋይ በድንጋይ የሠራውን፣ ፎቲስም እኔን ለትዳር የጠየቀበትን የወደቡን የዓሣ መረብ ማስቀመጫ ቤት ሸጥኩ። በገንዘቡ የካርዶቹን ዕዳ ዘጋሁ፤ ዛምቤታ የከፈለችውንም እያለቀሰች በእጇ አስጨበጥኳት። የአርጊሪስንም ተቀብዬ ሁለቱንም ካርዶች የዓሣ ክንፍ በምቆርጥበት መቀስ ቆራረጥኳቸው። ዛሬ የማንም ዕዳ የለብኝም፤ የባንኩ ማረጋገጫም ከዚህ ቃሌ ጋር ይያያዝ።

እንግዲህ ንብረቴን እንደሚከተለው አድያለሁ።

ይህ የፓናጊያው ቤት ከነዕቃው የዛምቤታ ይሁን። ብቻዋን ትውረሰው። ወንድሟ ለብድር ሊያስይዘው ቢለምናት በሩን ትዝጋበት፤ የእናትሽ ቃል ነው ብላ።

ለአርጊሪስ ምንም እንዳይደርሰው ፈልጌ ነበር። ውል አዋዋይዋ ግን «ወይዘሮ ስማራግዳ፣ ሕጉ ለልጅ የጠበቀው ድርሻ አለ፤ እርስዎ ሊነኩት አይችሉም» ብላኛለች። መልካም። ታሶስ ደሴት ካለኝ የወይራ እርሻ የሕጉን ያህል ተለክቶ ይሰጠው፤ አንዲት ዛፍ አትጨመርለት። የሰጠው ሕጉ ነው፣ እናቱ አይደለችም ተብሎ ይጻፍ። የቀረው እርሻ ለዛምቤታ ይሁን።

ስሜን ለተሰጠችው የአርጊሪስ ልጅ፣ ለትንሿ ስማራግዳ፣ የአንገቴን የወርቅ መስቀል ትቻለሁ። ድግሱ የእሷ ጥፋት አይደለም። እስክታድግ ድረስ አክስቷ ታስቀምጥላት፤ አባቷ አይያዘው።

ልጆቼን ሁሉ የምመክረው ይህን ነው። ከባዱን ብድር በቀላል ወለድ ካርድ መዝጋት ነውር የለበትም፤ እኔ በእሱ ተጠቅሜ ነበር። ግን ወለዱ እስከ መቼ ዝቅ ብሎ እንደሚቆይ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። በእናንተ ዕዳ ላይ ለሌላ ሰው ካርድ አታውጡ፤ ከማህፀናችሁ የወጣ ቢሆንም። መክፈያውን ራሳችሁ አድርሱ፤ ጉልበታችሁ እምቢ ካለ በሁለት እጃችሁ እየዳሃችሁ አድርሱ።

በመጨረሻ ስለ ቀብሬ። በዚያ ቀን ዛምቤታ ዓሣ እንዳትነካ፣ ሾርባ እንዳታማስል። ከጠረጴዛው ራስ ትቀመጥ፤ ሰው ያስተናግዳት።

አርጊሪስም ይምጣ። ፓንዴሊስ፣ ፈገግ አትበል፤ ይቅር አላልኩትም። ይህ ሰፈር ጠባብ ነው፤ የሬሳ መኪና አይገባበትም፤ ሬሳዬ በትከሻ መውረድ አለበት። ከሬሳ ሣጥኔ የፊቱን ቀኝ በኩል እሱ ይያዝ። በመሐል ልተካህ የሚለው ሰው ቢመጣ ምስክሮቼ ይከልክሉት። እስከ ታች ድረስ እናቱን ይሸከም። መንገድ ላይ ቢያለቅስ ግን ማንም አይቆጣው፤ ይተዉት፣ ያልቅስ።

ቃሌ እዚህ ላይ አበቃ። ተነቦልኛል፤ ያልኩት ሁሉ አለበት፤ ያላልኩት የለበትም።

ተናዛዥ፦ ስማራግዳ ቬርቬሪ (በገዛ እጇ ፈርማለች)

ምስክሮች፦ ፓንዴሊስ ኩርቲስ፣ ዳቦ ጋጋሪ፤ ክሪሳንቲ ማላማ፣ ጎረቤት፤ ቄስ ኔዮፊቶስ፣ የሰፈሩ ደብር አገልጋይ

ውል አዋዋይ፦ አንቱላ ዴሊያኒ፣ ካቫላ